የአመልካቹ ስም የሚያልፍባቸው እጆች

በጎንደር ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 26 ዓመት ሠርቼ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ፣ አራዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሚበዛው የውርስ፣ የይዞታና የቀለብ ጉዳይ ነው። አልፎ አልፎ ግን ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ኃላፊ ላይ የሥነ ምግባር ጥቆማ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ስለ አዋጅ ቁጥር ወይም ጉዳዩ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚቀርብ አስቀድሞ አይጠይቀኝም። አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ስሜን ብጽፍ ይወጣብኛል ወይ?» ብሎ ነው። ለብዙ ጊዜ «ሕጉ ይጠብቅሃል» እያልሁ ስመልስ ኖሬአለሁ። መልሱ ውሸት ባይሆንም ሙሉ እንዳልሆነ በዐይኔ ያየሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ያየሁትን በዝርዝር መጻፍ ዕዳዬ መስሎ ተሰማኝ።

ገና በሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የተጻፈ ማመልከቻ ይዛ መጣች። ወደ ግምጃ ቤቱ ላልገባ ዕቃ ሞዴል 19 የተባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ቆርጣ እንድትፈርም ከግዥ በኩል ተደጋጋሚ ግፊት እንደ ደረሰባት፣ እምቢ በማለቷም ማስፈራሪያ እንደ ተነገራት፣ ቀኑንና የዕቃውን ዓይነት ጠቅሳ በእጅ ጽሑፏ አስፍራለች። ወረቀቱን ስትሰጠኝ «ጋሼ፣ ይኼን ማን ማን ያየዋል?» አለችኝ። እኔም ሳላመነታ «ኃላፊው ብቻ» አልኋት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በደንቡ መሠረት የተሠራ ነው። ማመልከቻው ላይ የገቢ ማህተም መታሁ፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ በገቢ መዝገቡ ላይ «ላኪ» በሚለው ዓምድ ሙሉ ስሟን፣ «ጉዳዩ» በሚለው ዓምድ ደግሞ «በግዥ ሥራ ላይ የቀረበ አቤቱታ» የሚል ጻፍሁ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ የሚውል ነው፤ የደብዳቤውን ቁጥር የሚፈልግ ሠራተኛ ሁሉ ገጹን እያገላበጠ ያነበዋል። ማመልከቻው ከኃላፊው ዘንድ ሲመለስ በኅዳጉ ላይ «ለግዥና ንብረት አስተዳደር፦ መልስ ይሰጥበት» ተብሎ ተመርቶበት ነበር። ተላላኪው በመላኪያ ደብተር አስፈርሞ አስረከበ። ስለዚህ ዋናው ወረቀት፣ ስሟና የእጅ ጽሑፏ እንዳለ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት ግፊት አደረገብኝ ባለችው ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ ከከተማው ውጭ ወዳለ ቅርንጫፍ ተመደበች። ደብዳቤውን ወጪ አድርጌ ቁጥር የሰጠሁትም እኔው ነበርሁ።

ስለ ጥቆማ ምስጢርነት ሲነገር አብዛኛው ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ክፉ ሰው ጉቦ ተቀብሎ ስም ሲያሾልክ ነው። በእኔ ዘመን ግን ስም የሚወጣው በአብዛኛው በመደበኛው የወረቀት ጉዞ ነበር። ማንም ሰው ከደንቡ ዝንፍ አላለም፤ ደንቡ ራሱ ምስጢርን ታሳቢ አድርጎ አልተሠራም ነበር።

በሀገራችን በዚህ ጉዳይ ሕግ የለም ሊባል አይችልም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ፤ በ1997 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሻለ፤ ክልላችንም የራሱ ኮሚሽን አለው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ደግሞ ለጠቋሚ የሚሰጡትን የጥበቃ ዓይነቶች በዝርዝር አስቀምጧል፤ ማንነትን መደበቅ፣ የመኖሪያ ቦታን መለወጥ፣ አካልንና ንብረትን መጠበቅ፣ ቃል በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ በስተኋላ እንዲሰማ ማድረግ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የፀረ ሙስና ስምምነትም በአንቀጽ 5 አባል አገሮች የጠቋሚዎችን ማንነት ጭምር እንዲጠብቁ፣ ዜጎችም በቀልን ሳይፈሩ የሚጠቁሙበትን ሁኔታ እንዲያመቻቹ ያስገድዳል። እነዚህን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ብዙ የታሰበባቸው ሕጎች ናቸው።

ሆኖም አዋጅ ቁጥር 699 ተፈጻሚ የሚሆነው ለሁሉም ጥቆማ አይደለም። የቅጣቱ መነሻ ከግምት ሳይገባ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እሥራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆን ይኖርበታል፤ ከዚህም ጋር ወንጀሉ ያለ ጠቋሚው መረጃ ወይም ያለ ምስክሩ ቃል ሊገለጥ የማይችል መሆኑና በሰውየው ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነፃነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ መደቀኑ ይታያል። ለከባድ ወንጀል የተሠራ ሕግ እንዲህ መሆኑ አያስገርምም፤ ሰውን ከነቤተሰቡ ወደ ሌላ ከተማ ማዛወር ለመንግሥት ቀላል ወጪ አይደለምና። የሥነ ምግባር አቤቱታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ደረጃ በታች ነው። ዘመድ መቅጠር፣ ከባለጉዳይ ስጦታ መቀበል፣ የጥቅም ግጭት እያለ ከውሳኔ አለመነሣት፣ የመንግሥትን መኪና ለግል ጉዳይ መጠቀም፣ እነዚህ ብዙውን ጊዜ በዲሲፕሊን የሚታዩ ናቸው። ከባዱም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ከባድ መሆኑ አይታወቅም። የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ያመጣችው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ጉድለት ጥቂት ይሁን ብዙ፣ ወንጀል ይሁን ግድፈት የሚለየው ከተጣራ በኋላ ነው። ጥበቃው ከጠቋሚው ጋር በሚደረግ ስምምነት የሚጀምረው ጉዳዩ ከፍትሕ አካል ዘንድ ደርሶ ሲመዘን ነው፤ ስሙ የሚወጣው ግን ከዚያ ሦስት ጠረጴዛ ቀድሞ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ይታሰባል። በፌዴራል ደረጃ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 144 የነዚህን ክፍሎች አሠራር ደንግጎ ነበር። በክፍሉ የተመደቡ ቅን ሰዎችን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ የጥቆማ ወረቀት በቦርሳቸው ይዘው ቤታቸው የሚያድሩ ነበሩ። በእኔ ዘመን ችግሩ ክፍሉ ተጠሪነቱ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ መሆኑ ላይ ነበር። ጥቆማው በኃላፊው ወይም በኃላፊው ወዳጅ ላይ ሲሆን፣ የክፍሉ ሠራተኛ ሪፖርት የሚያቀርበው፣ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት፣ ጽሕፈት መሣሪያ የሚፈቅድለት ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። በየበሩ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ የጥበቃ ሠራተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ቁልፉ በኃላፊው ጸሐፊ እጅ ሆኖ፣ ወረቀት የሚጨምር ሰው ሲገኝ ይደንቀኛል።

ሰው ጥቆማን የሚፈራው ግን ከዝውውር የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ራሱ በእኛ ዘንድ ቁስል አለበት። አባቶቻችን ወንጀለኛው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ አገሬውን ሰብስበው በአውጫጭ ይመረምሩ ነበር፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የሚያውቀውን በምስጢር የሚናገረው ሰው «ወፍ» ይባል ስለ ነበር፣ ነገሩ በአደባባይ ሲነገር ተናጋሪው ወፍ እንጂ እገሌ አልነበረም። የአውጫጭን ጉድለት አልክድም፤ ንጹሑም ከሥራው ተፈትቶ በጉባኤው ታግቶ ይውላል፤ በቂም ያለ ጥፋቱ ስሙ የሚነሣም ይኖራል። ቢሆንም፣ ነገርን ከነጋሪው ነጥሎ መያዝ እንደሚገባ ከእኛ በፊት የነበሩት ያውቁ እንደ ነበር ያስረዳል። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። በጎንደር የዚያን ዘመን ጠባሳ ያልያዘ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነው። ያኔ «ጠቋሚ» ማለት የጎረቤቱን ልጅ ስም ለቀበሌ የሚሰጥ ሰው ማለት ሆነ፤ ጆሮ ጠቢ፣ አሳባቂ የሚሉት ቃላትም በዚያው ቀለም ተነከሩ። ዛሬ «የሙስና ጠቋሚ» ስንል ያንኑ ቃል ይዘን ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ማመልከቻ እንደምጽፍ ብትሰማ ኖሮ ምን ትል እንደ ነበር አውቃለሁ። የሕዝብን ንብረት ለመጠበቅ ብሎ ስሙን አስፍሮ የሚናገርን ሰው ከዚያ ዘመን ጠቋሚ ጋር አንድ አድርጎ ማየት በደል ነው፤ ነገር ግን በደሉን በስብከት ማጥፋት አይቻልም፤ ስሙን የሚጠብቅ አሠራር በማሳየት እንጂ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ አመልካቹ ነው። ስለ ተከሳሹም፣ በትክክለኛው አነጋገር ገና ስላልተከሰሰው ሰው፣ ከልብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ይህን የሚዘነጉ ሰዎች የጉዳዩን ግማሽ የሚዘነጉ ይመስለኛል። በመዝገብ ቤት ሳለሁ ያየኋቸው ጥቆማዎች ሁሉ እውነት አልነበሩም። አንዳንዱ በዕድገት ውድድር ከተሸነፈ ሰው፣ አንዳንዱ በድንበር ከተጣላ ጎረቤት የመጣ ነበር። ጎንደር ትልቅ ከተማ ብትባልም፣ ወሬ ከቢሮ ወጥቶ በዕድር፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ለመዞር ሁለት ቀን አይፈጅበትም። ጥቆማ የቀረበበት ሰው ተጣርቶ ነፃ ቢወጣ፣ ነፃ መውጣቱን ለቅሶ ቤት የሚናገርለት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ያልተከሰሰማ እንዴት ከዚህ ያነሰ ይገባዋል? የወንጀል ሕጉም ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን የሚወነጅልን በሐሰት ውንጀላ ይቀጣል። ስለዚህ ምስጢርነቱ ሁለቱንም ሰዎች የሚያገለግል ነው፤ መሠረት ያለው ነገር መኖሩ በቅድመ ማጣራት እስኪታወቅ ድረስ የአመልካቹም የተጠቆመበትም ስም በተመሳሳይ ጥንቃቄ መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ በጠላቱ ላይ በጨለማ የሚወረውር ሰው ማንነቱ ካልታወቀ የተጠቆመበት ሰው እንዴት ይከላከላል የሚል ነው። ያው አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራልና ተቃውሞው ክብደት አለው። መልሱ ግን ጠቋሚንና ምስክርን ለይቶ በመያዝ ላይ ነው። ጠቋሚ መንገዱን የሚያሳይ ነው፤ ምስክር በሰው ላይ ቃሉን የሚሰጥ ነው። የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ የጻፈችውን መነሻ አድርጎ የስድስት ወር ሞዴል 19፣ የግዥ ማዘዣና የክፍያ ሰነድ ቢመረመር፣ ያልገባው ዕቃ ከሰነዱና ከግምጃ ቤቱ ቆጠራ ልዩነት ይታይ ነበር። ያኔ ሰውየው የሚከላከለው በሰነዱ ላይ ነው፤ የእርሷ ስም አስፈላጊ አይሆንም። የእርሷ ቃል ካልተሰማ በቀር ጉዳዩ የማይቆም ሲሆን ብቻ፣ ተጠይቃና ተስማምታ፣ ጥበቃውም አስቀድሞ ታስቦ፣ ወደ ምስክርነት ትሻገራለች። በተግባር ግን ብዙ አጣሪዎች በቀላሉ የሚያገኙት ማስረጃ አመልካቹ ስለ ሆነ ከእርሱ ይጀምራሉ፤ ሰነዱን የሚፈልጉት በመጨረሻ ነው።

ምስጢርነት እንኳ ተጻፈ ስንል ማንን እንደሚያስር መጠየቅ ይገባል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሕግ የተማረው የእኅቴ ልጅ ስለዚህ ስንጨዋወት የአሜሪካን አገር ሁለት ምሳሌ ነገረኝ። በፍሎሪዳ ግዛት ለሥነ ምግባር ኮሚሽኑ የቀረበ አቤቱታና ሰነዱ፣ ውድቅ እስኪደረግ፣ በቂ ምክንያት አለ ወይም የለም ተብሎ እስኪወሰን ወይም የተከሰሰው ሰው ራሱ ይገለጥልኝ እስኪል ድረስ ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ይቆያል። በፔንሲልቬንያ ደግሞ ሕጉ አመልካቹን ራሱን፣ አቤቱታ ማቅረቡን እንኳ ለሌላ ሰው እንዳይናገር ይከለክል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረቡን የሚናገርን ሰው በዚህ መቅጣት የመናገር ነፃነትን ይጥሳል በማለት ክልከላውን ለተቃወመው አመልካች ወገን ፈረደ። ሁለቱን ሳስተያይ የመጀመሪያው ቀና ሆኖ አገኘዋለሁ። የታመነበትን ወረቀት የተቀበለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለዚህ አፉን መያዝ ያለበት እርሱ ነው። አመልካቹ የገዛ ነገሩን ለወንድሙ ወይም ለንስሐ አባቱ እንዳይናገር በሕግ ማሰር፣ ምስጢርን ከጋሻነት አውጥቶ ልጓም ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ ወደ እኔ የሚመጡትን «እስኪጣራ ድረስ አትናገሩ» እያልሁ እለምናቸዋለሁ፤ የተጠቆመበት ሰው ቀድሞ ከሰማ ሰነድ ይጠፋል፣ ቆጠራ ይስተካከላል። ይህ ግን ምክር ነው፤ በቅጣት የሚደገፍ ግዴታ ሊሆን አይገባም።

አመልካቾች ራሳቸውን የሚያጋልጡበት መንገድም አለ፤ ግልባጭ ነው። የአሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ስም በግልባጭ የተደረደረበት የሙስና ጥቆማ በእጄ አልፏል፤ አሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ማለት አሥራ አንድ ገቢ መዝገብ፣ አሥራ አንድ ተላላኪ ማለት ነው። ሰውን ግን አልፈርድበትም። ግልባጭ የሚበዛው አንዱ ቢሮ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቢጥለው ሌላው ይጠይቅልኛል ከሚል ተስፋ ነው፤ መልስ ያላገኘ ሕዝብ የፈጠረው ዘዴ ነው። አመልካቹ «ደርሶናል፤ በዚህ ቀን ታይቷል» የሚል አንዲት ደረቅ መልስ እንኳ ቢያገኝ ግማሹ ግልባጭ ይቀራል ብዬ አምናለሁ። ሌላው መጋለጫ ስምን ሰርዞ የነገሩን ዝርዝር እንዳለ መተው ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ቀን፣ ሁለት ሰው ብቻ የተገኘበትን ስብሰባ የጠቀሰ ወረቀት ስም ባይኖረውም ስም አለው። አሁን አሁን ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ሳይደርስ ፎቶው በቴሌግራም ይቀድማል።

በመዝገብ ቤት የቆየ ሰው እንደ መሆኔ የምመኘው ትልቅ ሕግ አይደለም። ጥቆማ ከመደበኛው ገቢ መዝገብ ወጥቶ አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ብቻ በሚቆልፈው መዝገብ ይግባ። በመደበኛው መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ብቻ ይታይ፤ የላኪና የጉዳይ ዓምዱ ባዶ ይሁን። ዋናው ወረቀት ከዚያ ክፍል ፈጽሞ አይውጣ፤ የሚያጣራው ሰው ከፈለገ ፍሬ ነገሩ በሌላ ቃልና በጽሕፈት መኪና ተጽፎ ይሰጠው። የተጠቆመበት ክፍልም «መልስ ይሰጥበት» ተብሎ አይጠየቅ፤ የአንድ ሩብ ዓመት ሰነድ በሙሉ እንደ ማንኛውም የቁጥጥር ሥራ ይጠየቅ፤ ከሠላሳ ሰነድ ውስጥ የትኛው እንደ ተፈለገ ማንም አያውቅም። ወረቀቱን የነካ ሰው ሁሉ ስሙንና ሰዓቱን ይፈርም፤ ስም የወጣ እንደ ሆነ ከማን እጅ እንደ ወጣ ይታወቃል። አመልካቹ በጠቆመ በዓመት ውስጥ ዝውውር፣ ደመወዝ ቅጣት ወይም የደረጃ ዝቅታ ቢደርስበት፣ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም በወሰነው ኃላፊ ላይ ይሁን። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ ቁልፍና ሁለት ደብተር ነው። ሐሳቡን በሥራ ላይ ሳለሁ በስብሰባ አንሥቼው ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎ ቀረ።

ያቺን የግምጃ ቤት ሠራተኛ ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ከፋሲል መዋኛ ስንመለስ አገኘኋት። ልጆቿ አድገዋል፤ እርሷም ወደ ከተማ ተመልሳ በሌላ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ብዙ ዓመት በውስጤ የቆየውን፣ «ኃላፊው ብቻ» ማለቴን አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እንዲያ ነበር አሠራሩ» አለችኝና ትንሽ ቆይታ፣ «ያ መዝገብ አሁንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ዕለት ልመልስላት አልቻልሁም። ከዚያ በኋላ ለጡረታ መታወቂያዬ ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ነበር፤ ወረፋ ስጠብቅ አየሁት። ሽፋኑ ተለውጧል፤ የላኪና የጉዳይ ዓምዱ እንደ ጥንቱ ተሞልቶ፣ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።